ኖር

ማክሰኞ ማታ ነው። ኮምቦልቻ። ክፍል ስምንት።
ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው የመጡ አሥራ ሰባት፣
ጥጥ በቅንድባቸው፣ ጥጥ በሹሩባቸው፣
እንቅልፍ እንደ ድውር ክር የሚጎትታቸው።
እኔ ከደሴ ነኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ
ለአንዲት ቃል ስል ወረድኩ፣ ጠመኔው በእጄ እንደ ወዛ።

ጻፍኳት ሰሌዳው ላይ፦ «ኖር»።
ሦስት የፈረንጅ ፊደል፤ ብቻዋን የማትኖር፣
ከሌላ እምቢታ ኋላ ካልሆነ ደጅ የማትወጣ፣
«ናይዘር» ቀድሞ ካልገባ እሷ የማትመጣ።
«ድልድይ ናት» አልኳቸው፣ «ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል፤
የለምን ከየለም ጋር ትሰፋለች እንጂ ማሻገርስ አይደል።»

አበጋዝ፣ ከጥገና ክፍል፣ እጁን አወጣ፦
«ቲቸር፣ ያ ‹ኖት› የሚሉት ከግሱ ለምን ታጣ?»
«አያስፈልገውም» አልኩ፣ «እምቢታው በውስጧ አለ፤
ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ፣ እዚያ አገር፣ እሺ አለ።
ደግሞም ከሐረጉ ራስ እሷ ስትገባ ግሱ ይነሳል፣
ባለቤቱን አልፎ፣ ወንበሩን ለቆ፣ ፊቷ ይቆማል።»
«ለምን?»
«ሕግ ነው» አልኩ። ለምን እንደሆን እኔም አላውቅም።

የኛ ግስ እምቢ ሲል ከፊት «አል»፣ «ም» ከኋላ፣
በሁለት ጫፉ ጥለት እንደ ለበሰ ነጠላ፤
ያውም መጨረሻ ላይ። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ
ይመጣ፣ አይመጣ እንደሆን ማንም አያውቅ።
የፈረንጅ ግን ቸኩሎ በር ላይ ያረዳል፤
«ናይዘር» ሲባል፣ ሰሚው ገና ከደጅ ይረዳል።

ከድጃ ሙሄ ተነሳች። ፈትል ክፍል ናት፣
ከበሩ ትይዩ ካልሆነ ወንበር የማይስማማት።
ልጇ አንዋር በባቲ አድርጎ ከወረደ ሁለት ክረምት፤
ከጀልባው ወዲያ ወሬ የለም፣ እሷም አታወራበት።
«ምሳሌ» ብዬ ነበር። የተበጠሰ ክር እንደሚቀጥል ሰው
ጣቷን ምራቅ አስነክታ ቃል በቃል ቀጠለችው፦
«ናይዘር ደብዳቤ፣ ኖር ስልክ። ናይዘር ሬሳ፣ ኖር...»
ከንፈሯ ላይ ቀረ፣ ሳይወጣ፣ ሳይሰበር።

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ስህተቷን ልነግራት ቃጣኝ፤
«ግስ ጎድሏል፣ ሐረጉ...» ልል ገና እንዳማረኝ
መብራት ጠፋ።

እንደ ወትሮው ነው። ፉጨት፣ «ኧረ መብራት ኃይል!» የሚል፣
ከዚያ ጸጥታ፤ ከመስኮቱ ማዶ ቦርከና ያጉተመትማል።
በሩ ሲጥ አለ። ፋኖስ። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ
የሁለት ጫማ አፍንጫ ያሳያል፣ ፊቱን በጨለማ ጥሎ።

«ኖር!»

ከድጃ ነበረች። ማን እንደሆነ ሳታይ፣
ገና ሳትቀመጥ፣ ያቋረጠችው ቃል ላይ።
ከዚያ አሥራ ስድስት ወንበር ተንቋቋ፤ «ኖር! ኖር!» ተባለ፤
ዘበኛው ጋሽ ይመር ነው፣ «በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ» አለ፣
«ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለው» ብሎ ፋኖሱን ጠረጴዛዬ ላይ ተከለ።
ሁሉም ቁጭ አሉ። እሷ የጫማውን ኮቴ እስከ በሩ ሸኘች፣
ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።

ዘጠኝ ዓመት ጽፌያታለሁ፣ ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ፤
አንድም ቀን በአገሬ ጆሮ ሰምቻት አላውቅም እኔ።

በማግስቱ የቤት ሥራ። የከድጃ ደብተር፣ መስመር ሦስት፣
በእርሳስ፤ ተጽፎ ተፍቆ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳበት፦
«ናይዘር ሬሳ።» አራት ነጥብ። ከሥሩ፣ ብቻውን፦ «ኖር።»
በማን ፊደል እንደጻፈችው፣ እሱ እኔ ጋ ይቅር።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ሚኒባሱ ሐረጎን እየወጣ፣
ጭጋጉ መስታወቱን ሲያለብስ፣ የቀኑ ብርሃን ሲታጣ፣
ራይትም፣ ኤክስም
አላደረግኩም።